ለልጅ ዩኒቨርሲቲ፦ ባንክ ወይስ ባህር ዛፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለችኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ ያርሳል። ትልቋ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ገና 4ኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እንዳንቸገር ከአሁኑ በወር 500 ብር ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ብር ባንክ አስቀምጠሽ ምን ልታተርፊ፣ ባህር ዛፍ እንትከል» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «የመንግሥቱ በነፃ አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቀሽ!» ትላለች። ማንን ልስማ?
የሱቋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ልጀምር። ግማሹን እውነቷን ነው። ነፃ ግን አይደለም፣ ዱቤ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ። ልጅሽ ስትገባ ውል ትፈርማለች፤ የምግብና የመኝታዋ ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነው በስሟ ይመዘገባል። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ያ የሷ ዕዳ ነው፣ አንቺ ከአሁኑ አትቆጥቢለት።

ያንቺ ድርሻ ዙሪያው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ አዲስ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡትን ማስታወቂያ እዪው፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ 3 በ 4 ፎቶግራፍ። መሳፈሪያ፣ የኪስ ብርና ፎቶ ኮፒ ጨምሪበት። ኮምፒውተር ነክ ትምህርት ከደረሳት ላፕቶፕ ይመጣል፣ እሱ ነው ወገብ የሚያጎብጠው። ደብረ ማርቆስ ወይ እንጅባራ ብትመደብ በሶና ዳቦ ቆሎ በሰው ትልኪላታለሽ። ጅማ ወይ አርባ ምንጭ ቢደርሳት ግን መሳፈሪያው ብቻውን ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መሃል ላይ የምታድርበት አልጋም አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፣ መግቢያው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨዋታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ናቸው፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። ካላለፉት ለተወሰኑት ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ የቀረው ወይ ቴክኒክና ሙያ ወይ የግል ኮሌጅ ነው። የግል ኮሌጅ ዱቤ አያውቅም፣ ከኪስሽ ነው። (ወደዚያ ከሄዳችሁ ኮሌጁ ለዚያው ለምትማረው የትምህርት ዘርፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ሳታጣሩ ሳንቲም እንዳትከፍሉ። ለመመረቅ የሚፈተኑት የመውጫ ፈተናም እዚያ አይቀርላትም።)

ስለዚህ ከ500ው ግማሹን አታስቀምጪው፣ አሁን አውጪው። 9ኛ ክፍል ስትገባ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚንገዳገደው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያስጠናት አስተማሪ ፈልጊላት፣ አጋዥ መጽሐፍ ግዢላት። ደግሞ ቅር አይበልሽና፣ ማታ ማታ ሱቅ የምትጠብቀው እሷ ከሆነች ከዛሬ ጀምሮ ተያት። ይሄ ብር አያስወጣም፣ ከአስጠኚውም ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ባንክና ባህር ዛፉ ልምጣ። ሙሉውን 500 ለአራት ዓመት ተኩል ብታስቀምጪ ያንቺ ብር 27,000 ነው፣ በ7 ከመቶ ወለድ ወደ 31,600 ይደርሳል። ግማሹን ከሆነ ወደ 15,800። ኑሮ እየተወደደ ስለሆነ ያኔ የዛሬውን ያህል አይገዛልሽም፣ ባለቤትሽ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን ለትልቋ ባህር ዛፍ አይደርስላትም። ለማገርና ለአጠና የሚሆን ለማውጣት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ነጋዴ አይመጣም፣ ዛፉም ቆሞ ይቀራል። ለእሷ ባንክ፣ ወይም ጥሩ ዕቁብ ካለሽ ዕጣው 12ኛ ክፍልን በምትጨርስበት ክረምት እንዲደርስሽ ከዳኛው ጋር ተነጋገሪ።

ባህር ዛፉ ለትንሹ ይሁን። ስምንት ዓመት አለው፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ታዲያ በርበሬው ዳር እንዳትተክሉት፣ የጎረቤት ማሳ ያደርቅና ሽማግሌ ያስቀምጣችኋል። ለእህል የማይሆን ድንጋያማ ቦታ ካላችሁ እሱ ይበቃል።

የቁጠባ ደብተሩን ከሱቁ ሒሳብ ለይተሽ ክፈቺ፣ ኤቲኤም ካርድም አታውጪበት። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።