ጆርዳን ዱላ ይዞ፦ ስለ ቤዝቦል ዓመቱ ጠይቁኝ

ሰሞኑን የጆርዳን ጫማ የተጫማ አንድ ጎረምሳ ሰውየው ቤዝቦል መጫወቱን ስነግረው "ትቀልዳለህ" አለኝ። አልቀለድኩም። እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክል ጆርዳን በአላባማ ግዛት በርሚንግሃም ባረንስ በሚባል የታችኛው ሊግ ቡድን ውስጥ የቀኝ ክንፍ ውጭ ሜዳ ይጠብቅ ነበር። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የዓለም አንደኛ ሆኖ ሳለ ምን ነካው?

መልስ፦ ሰላም። ከ1991 እስከ 1993 ከቅርጫት ኳስ ቡድኑ ከቺካጎ ቡልስ ጋር ሦስት ዋንጫ በተከታታይ በልቷል። በ1993 ክረምት አባቱ ጄምስ ተገደሉ። ልጃቸውን ቤዝቦል ሲጫወት ማየት ይመኙ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቅርጫት ኳስ በቃኝ አለ፤ በ1994 መጀመሪያም ከዋናው ሊግ የቤዝቦል ቡድን ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር ፈረመ። የቡልስም የዋይት ሶክስም ዋና ባለቤት ያው ጄሪ ራይንስዶርፍ ስለነበሩ በሩን ማንኳኳት አላስፈለገውም።

ጥያቄ፦ በቁማር ተቀጥቶ ነው ይባላል።

መልስ፦ ይባላል። ማስረጃ ያመጣ ሰው ግን አላየሁም።

ጥያቄ፦ ታችኛው ሊግ ሲባል እንደኛ አገር ከፍተኛ ሊግ፣ አሸንፎ ወደ ላይ የሚያድግ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ቡድኑ አያድግም፣ ተጫዋቹ ነው የሚያድገው። ባረንስ ዋንጫ ቢበላም ያው ባረንስ ነው። ተጫዋቹን ያስፈረመውም ደመወዝ የሚከፍለውም ዋይት ሶክስ ነው፤ በሰለ ብሎ ሲያምን ይወስደዋል። ባረንስ ያለበት ደረጃ ደብል ኤ ይባላል። ከሱ በላይ ትሪፕል ኤ፣ ከዚያ ዋናው ሊግ አለ። ብዙው ልጅ ደብል ኤ ለመድረስ ከሥር ጀምሮ ዓመታት ይፈጅበታል። ጆርዳን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዲህ ሳይጫወት፣ በ31 ዓመቱ፣ ቀጥታ እዚያ ገባ።

ጥያቄ፦ የሰው እንጀራ ዘጋ በለኛ!

መልስ፦ ዘግቷል። በዚህ አልከራከርህም።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፣ ይችል ነበር?

መልስ፦ በ127 ጨዋታ፣ ከ436 የመምታት ሙከራ የተሳካለት 88ቱ ነው። ከአሥር ሁለት ማለት ነው፤ ደካማ ነው። 114 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል፤ ማለትም ሦስት ዕድሉን አባክኖ ሳይመታ ወጥቷል። በሌላ በኩል 30 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ ይዟል፤ እግሩ አልከዳውም።

ዓመቱ ሲጀመር 13 ጨዋታ በተከታታይ መትቶ ሰው ጉድ አለ። ከዚያ ኳሱን የሚወረውሩለት ተጋጣሚዎች፣ ወርዋሪዎቹ፣ ነቁበት። ቀጥ ያለ ፈጣን ኳስ ይመታል፤ ከርቭ ግን ያስቸግረዋል። ከርቭ ከወርዋሪው እጅ ስትወጣ ደህና ኳስ ትመስላለች። ዱላውን መሰንዘር ስትጀምር ታጥፋ ትወርዳለች፤ አንተ አየር ትመታለህ። ዓይን ይህን የሚለምደው በልጅነት ሺህ ጊዜ ተሸውዶ ነው። እሱ ያ ጊዜ አልነበረውም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 መሆኑም አልጠቀመው፤ ረጅም ሰው ላይ ወርዋሪው የሚያነጣጥርበት ቦታ ይሰፋል። አሰልጣኙ ቴሪ ፍራንኮና ግን ሌላ አንድ ሺህ ሙከራ ቢያገኝ ኖሮ ዋናው ሊግ ይደርስ ነበር ባይ ናቸው። እኔ እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ በወር 850 ዶላር፣ ለምግብ በቀን 16 ዶላር። እሱ የቅርጫት ኳስ ደመወዙም አልተቋረጠበትም፤ ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ግን በዚያችው ነበር የሚኖረው። በ2023ቱ ስምምነት የደብል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት ወደ 30,250 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር።

ጥያቄ፦ አንተን የሚገርምህ የትኛው ቀን ነው?

መልስ፦ ጁላይ 30። የመጀመሪያውን ሆም ራን፣ ማለትም መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባበትን ምት፣ መታ። ቤዞቹን ዞሮ ሲጨርስ ወደ ሰማይ ጠቆመ። በማግስቱ የአባቱ ልደት ነበር። ዓመቱን ሙሉ የመታው ሆም ራን ሦስት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተወው? ሰነፈ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ። ያን መኸር አሪዞና ሄዶ እየተጫወተ ተሻሽሎ ነበር። ግን ከኦገስት 1994 ጀምሮ የዋናው ሊግ ተጫዋቾች ሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ባለቤቶቹ በምትካቸው ሌሎችን ሊያሰልፉ ሲሉ እሱ አድማ ሰባሪ አልሆንም ብሎ ወጣ። ማርች 18፣ 1995 "ተመልሻለሁ" የምትል አጭር መግለጫ ላከ። ቡልስ 23 ቁጥሩን ለክብሩ ሌላ እንዳይለብሰው ከአዳራሹ ጣሪያ ሰቅሎት ስለነበር፣ ቅርጫት ኳስ ሜዳ የተመለሰው ባረንስ ውስጥ በለበሰው ቁጥር በ45 ነው።