መልስ፦ የጭነት ልክ ከጎረቤት አገሮች ጋር አንድ ቢሆን ምን ይጠቅመናል?

ሰላም ወንድሜ፣ «የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ከታወቀ አይበቃም ወይ? ከጎረቤት ጋር አንድ ልክ ማውጣትስ ለምን አስፈለገ?» ብለሃል።

አይበቃም። አስፋልቱን የሚጎዳው በየአክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) የሚያርፈው ጭነት ነው። 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል 12 ቶን ቢሸከም ጭማሪው 20 በመቶ ነው። ጉዳቱ ግን ጭነቱ ባደገበት ልክ አራት ጊዜ እየተባዛ ስለሚያድግ በግምት 1.2 × 1.2 × 1.2 × 1.2 ነው የሚሆነው፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ። መርካቶ ሄደህ ፌሮ ሲጫን እየው። ዕቃው ወደ ኋላ ከተቆለለ ጠቅላላው በልኩ ሆኖ የኋላው አክስል ጭነት ከልኩ ያልፋል።

ወደ ጎረቤቶቹ ስንመጣ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2013 እ.ኤ.አ. የጋራ ሕግ አውጥቷል፤ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ጣሪያው 56 ቶን ነው። እኛ አባል አይደለንም። ከጂቡቲና ከኬንያ ጋር ግን በኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አብረን ስላለን መነጋገሪያው አለ። ልኩ ሲለያይ ሹፌሩ ድንበር ላይ ጭነት ለማራገፍ ይገደዳል፣ ወይ ደግሞ «እንነጋገር» ይጀመራል (ይህችን ሁላችንም እናውቃታለን)። ልኩ አንድ ከሆነ የአንዱ አገር የሚዛን ወረቀት ሌላው ጋ ይሠራል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ሂሳቡ ነው። ኪራይ በኩንታል እስከተከፈለ ድረስ ባለመኪናው አንድ ኩንታል ለመጨመር ይፈተናል። ቅጣቱ ከዚያ ትርፍ ካልበለጠ እንደ ወጪ ቆጥሮት ያልፋል። በዚያ ላይ ሹፌሩ ብቻ መቀጣት የለበትም፤ «ጫን» ያለው ባለ ዕቃም አብሮ መጠየቅ አለበት።