ክሪስታሉ ከተበተነ ምስሉ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ አዘዞ የማስተምር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሴል ሽፋን ፕሮቲኖችን ቅርጽ በኤክስሬይ ሌዘር እንደሚያጠኑ አነበብኩ፤ ጨረሩ ግን ናሙናውን ያጠፋዋል ይላል። የጠፋን ነገር እንዴት ያዩታል? ተማሪዎቼ አጥብቀው ጠይቀውኛል።

መልስ፦ መምህርት፣ ተማሪዎችዎን ያመስግኑልኝ፤ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። ሁሉም ነገር ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። አንዱ የጨረር ብልጭታ የሚቆየው በአስር የሚቆጠሩ ፌምቶሰከንዶች ብቻ ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል ነው። አተሞቹ ከቦታቸው ሳይርቁ ጨረሩ ነክቷቸው አልፏል፤ ናሙናው፣ ማለትም ፕሮቲኖቹ በሥርዓት ተደርድረው የሠሩት ክሪስታል፣ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ክሪስታል አንድ ምስል ብቻ ስለሚሰጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሪስታሎች በተከታታይ ይፈስሳሉ፤ ምስሎቹን ኮምፒውተር ያገጣጥማል።

በፈረንጆቹ 2011 ኤልሲኤልኤስ በተባለው የካሊፎርኒያ የኤክስሬይ ሌዘር ማዕከል በዚህ መንገድ የተጠናው «ፎቶሲስተም አንድ» የተባለው፣ ለፎቶሲንተሲስ የብርሃን ኃይልን የሚጠቀም ፕሮቲን ነበር። ይህ ፕሮቲን እዚሁ ፋሲል ግቢ ባሉት ዛፎች ቅጠል ውስጥም አለ፤ ለተማሪዎችዎ ቅጠሉን እያሳዩ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

የሽፋን ፕሮቲን አስቸጋሪነቱ ቅባት ውስጥ መኖሩ ነው። ከቅባቱ ሲወጣ ውሃ ውስጥ ይጓጉላል፣ ትልቅ ክሪስታልም እምብዛም አይሠራም። ትንሹ ክሪስታል ደግሞ በተለመደው ኤክስሬይ በቂ መረጃ ሳይሰጥ ይጎዳል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2013 የሴሮቶኒን (በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል) ተቀባይ ፕሮቲን ሲጠና፣ ደቃቅ ክሪስታሎቹ እንደ ጥርስ ሳሙና በወፈረ ቅባት ውስጥ ሆነው በጨረሩ ፊት ቀስ እያሉ ተገፉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን በተለመደው ኤክስሬይ ጉዳቱን ለመቀነስ እንደሚደረገው ናሙናው አለመቀዝቀዙ ነው፦ ቅርጹ የተገኘው በክፍል ሙቀት ነው።