«አልደርስበትም» ያለኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። የልጆች የተራራ ብስክሌት ቡድን ውስጥ ረዳት አሰልጣኝ ሆና ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ልጁ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ‹ፈራሁ› ሲለኝ ምን ልበለው? ላደፋፍረው ወይስ ልተወው?»

ወዲያው ልመልስላት ስልኬን አነሳሁ። ሁለት መስመር ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አጠፋሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ብዙ ዓመት ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን ነገር ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ልጆችን ለቡድን ለማዘጋጀት ለምትነሱ ወጣቶች ሁሉ ልጽፈው ወሰንኩ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁም፣ በቅርቡ ወላጅ የሆናችሁም አንብቡት።

ከ30 ዓመት በላይ ብስክሌት ጠግኛለሁ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ልጆችም አሰልጥኛለሁ። ልጁ የመጣው አሰልጣኝነቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። ቀጭን ነው፤ ዝምተኛ ነው። ዳገት ላይ ግን የሚችለው የለም። በሁለት ዓመት የሚበልጡትን ልጆች አንድ በአንድ እያለፈ ይወጣል። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ እሱ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ያንን አይቼ «ይሄማ ደርሷል» አልኩ። በዚያው ቀን ቡድኑ ውስጥ አስገባሁት።

ብስክሌቱ ከታላቅ ወንድሙ የተላለፈለት ነው። ትንሽ ይበልጠዋል። ኮርቻውን እስከ ታች አወረድኩለት። የእግሩ ጣቶች መሬት ነኩ። በቃ፣ ጨረስኩ ብዬ አሰብኩ።

አደጋው የደረሰው ከቡድኑ ጋር በወጣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ልምምድ ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። መንገዱ መሃል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁልቁለት አለ። ለአዋቂ ምንም አይደለም። ወገቡ ላይ ግን አንድ የዛፍ ሥር አግድም ተጋድሟል፤ እርጥብ ሥር ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። እሱ መጨረሻ ላይ ቀረ።

ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ ቆመ። የሚያየው ቁልቁለቱን አልነበረም። እጆቹን ነበር የሚያየው። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ያኔም አይቼዋለሁ። ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ዝቅ ባለ ድምፅ «አልደርስበትም» አለኝ።

ከፊቱ የነበረው ልጅ ወርዶ፣ ኩርባውን ዞሮ ከዐይን ጠፍቷል። እሱን ማለቱ መሰለኝ። «ትደርስበታለህ! አይዞህ!» አልኩት።

«ኧረ አልደርስበትም» አለ እንደገና።

ታች ያሉት ልጆች ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ሄዷል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌሎቹ እየሰሙ፣ «ምነው፣ ፈርተህ ነው?» አልኩት። አልመለሰልኝም። አንገቱን ደፋ፣ እግሩን አነሳ፣ ወረደ።

ሥሩ ጋ ሲደርስ የግራ እጁ ከመሪው ላይ ተፈናጠረ። መሪው ዞረ። ልጁ ከብስክሌቱ በላይ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምፅ የኋላ ጎማው ነው። ብስክሌቱ ተገልብጦ፣ ጎማው ብቻውን እየዞረ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሮጬ ስደርስ ልጁ ተቀምጦ የግራ እጁን በቀኝ እጁ ይዞታል። አላለቀሰም። ቀና ብሎ አየኝና «ይቅርታ» አለኝ። እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ማታ ብስክሌቱ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። መሪው ተጣሟል። ላቃና ይዤው መብራት ስር ተቀመጥኩ። የፍሬኑ እጀታ በሙሉ ጭቃ ለብሷል። ከጫፉ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ንጹሕ ናት። ታበራለች። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ፍሬን ይይዝ የነበረው በጣቶቹ ጫፍ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከመሪው እስከ እጀታው ያለውን ክፍተት ለካሁት። 9 ሴንቲሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለእኔ እጅ ልክ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ እጅ ግን ሩቅ አገር ነው።

«አልደርስበትም» ያለኝ ፍሬኑን ነበር።

እጀታው ሥር እጀታውን ወደ መሪው የምታቀርብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ቀዳዳዋ በአፈር ተደፍኗል፤ ማንም ነክቷት አያውቅም። አፈሩን በመርፌ አወጣሁት። ባለ 2 ሚሊሜትር መፍቻ አስገብቼ ሦስት ዙር አዞርኩ። እጀታው ቀረበ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ብዬ ባለፍኩት። ከሳምንት በኋላ እናቱ ብስክሌቱን ሊወስዱ መጡ። ልጁም ክንዱ በጄሶ ታስሮ አብሯቸው መጥቷል። «እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ከእንግዲህ አልነዳም ይላል» አሉኝ እናቱ። ልጁ ጫማውን ያያል። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ ሲሻለው ይምጣ» ብዬ ብቻ ሸኘኋቸው። አጥንቱ ድኗል፤ ይህን ሰምቻለሁ። ወደ ቡድኑ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ከፊቱ ተንበርክኬ መሪውን እንዲይዝ አደርገዋለሁ። አመልካች ጣቱ ሳይንጠራራ እጀታው ላይ ማረፍ አለበት። ሌሎቹ ጣቶችና አውራ ጣቱ መሪውን አይለቁም። ጣቱ የማይደርስ ልጅ መዳፉን ወደ ፊት ያዞራል፤ አውራ ጣቱም ይላላል። ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ሥር ወይም ድንጋይ ሲመታ ግን እጁ ያመልጣል። ቀጥሎ ፍሬኑን አስይዙትና ፊቱን እዩ። ጥርሱን የሚነክስ ከሆነ ፍሬኑ ከብዶታል። የፍሬኑ ሽቦ ዝጎም ሊሆን ይችላል፤ ይታይለት።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ልጅን «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይጥልሃል» እያለ ያሳድጋል። ይህ ጉዳት አለው። ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ በዋናነት የሚያቆመን የፊተኛው ነው። የኋላውን ብቻ የለመደ ልጅ ቁልቁለት ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። መማር ያለበት ሁለቱንም ቀስ አድርጎ ማጥበቅን፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ማድረግን፣ ተረከዙን ዝቅ ማድረግን ነው።

የዚህ ስፖርት ታሪክ ራሱ ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌት ይዘው ከተራራ ቁልቁል ይወዳደሩ ጀመር። ፍሬናቸው ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ነው። አንዴ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ በጣም ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግሪስ ይቃጠል ነበር። ፈትተው አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ሆነባቸው። መንገዱ «ሪፓክ» የተባለው ለዚህ ነው፤ እንደገና መሙላት እንደማለት። በ20 ዓመቱ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ስፖርቱ አትላንታ ኦሊምፒክ ላይ ገባ። ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግራቸው ጭስ የሚያወጣው ፍሬን ጋ ሲደርስ ዐይናቸው ይፈጣል።

ስለ ሄልሜት አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም አገልግሎቱ አልቋል። ለታናሽ አይተላለፍ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅም «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን እንደገና አይነዳም።

ስለ ክብደት ግን ዝም ማለት አልችልም። 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 13 ኪሎ ብስክሌት ይሰጡታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ኪሎ ብስክሌት ይዞ ተራራ ውጣ ቢባል ምን ይላል? ከዚያ «ልጁ ሰነፍ ነው» ይባላል። ወላጆች ከፊት ሾክ፣ ማለትም ንዝረት የሚያበርድ ምንጭ፣ ያለው ነገር ሲያዩ ይማረካሉ። ርካሹ ሾክ በቀላል ልጅ ክብደት አይታጠፍም፤ ትርፉ ሸክም ብቻ ነው። ከሱ ይልቅ ሰፊ ጎማ፣ ልከኛ አየር። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የአየር ግፊት ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለልጅ ያን ያህል ከተነፋ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ማደፋፈር ወይስ መተው?

አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ዓመት ሙሉ ቁልቁለት በደረሰች ቁጥር ወርዳ ብስክሌቷን እየገፋች ትሄዳለች። ማንም ምንም አይላትም፤ እኔ ከልክያለሁ። ስትገፋ አየኋት። ድንጋዮቹን ታያለች፣ ቆም ትላለች፣ መስመሩን በጣቷ አየር ላይ ትስላለች። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቀን ሳትወርድ ቀጥ ብላ አለፈች። ታች ደርሳ ወደ ኋላ እንኳ አላየችም። ስለዚህ ተዉት፣ ጊዜው ሲደርስ ይነዳል እላለሁ።

ሌላ ልጅ ደግሞ ነበር። ሁሉን ነገር ይችላል፤ ሜዳ ላይ የሠራውን አይቻለሁ፤ ብስክሌቱም ልኩ ነው። አፋፉ ላይ ግን ይደርቃል። አንድ ቀን ከጎኑ ቆሜ «አሁን ነው፤ ከፊትህ እወርዳለሁ፣ ተከተለኝ» አልኩትና ወረድኩ። ተከተለኝ። ባልለው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው የሚቆም ይመስለኛል። ይህ ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የትኛውንም መተው አልቻልኩም።

ልዩነቱ አፋፉ ላይ ከመቆማችሁ በፊት በሠራችሁት ሥራ ላይ ነው። እኔ ሣር ላይ ገመድ አነጥፋለሁ። «የፊት ጎማህን ገመዱ ላይ አቁም» እላለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አልፈውት ይሄዳሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ይመለሳሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎማውን ገመዱ ላይ አቁሞ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጎ፣ እግሩን ሳያወርድ አንድ ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ልጅ ይገኛል። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዩት! ቀጥሎ የዝግታ ውድድር ነው። መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል፤ እግሩ መሬት የነካ ይወጣል። ዳገት ላይ የሚበልጠው ልጅ እዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው ነው። ያንን ልጅ ያኔ ይህን ጨዋታ አጫውቼው ቢሆን ኖሮ የእጁን ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ አየው ነበር።

ቡድን ውስጥ ለመግባት ሌላ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከፊቱ ካለው ልጅ ርቀት መጠበቅ። ከመቆሙ በፊት «ቆምኩ!» ብሎ መጮህ። ብስክሌቱን መግፋትና መሸከም። ሳይነገረው ውኃ መጠጣት። «ደከመኝ» ማለት። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ በተለይ ለፈጣን ልጆች።

የዛሬ ወጣቶች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁሉን ነገር ትቀርጻላችሁ። ልጅ ስልክ እንደተደገነበት ሲያውቅ ያልቻለውን ይሞክራል። ልጆቹም ቪዲዮ ላይ የሚያዩት ዝላይ ነው፤ መቆም ሳይችሉ መብረር ይፈልጋሉ። ልምምድ ላይ ስልካችሁ ኪስ ይግባ። ግን ደግሞ አንድ ነገር አደንቅላችኋለሁ። እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኔ በዚያች ወጣት ዕድሜ ሳለሁ አሰልጣኝ ሁሉን ማወቅ ያለበት ይመስለኝ ስለነበር ማንንም አልጠየቅሁም። ልጁንም አልጠየቅሁትም።

የኔ ልጅ፣ «ፈራሁ» ሲልሽ ከብስክሌትሽ ውረጂ። ቁመትሽን ከቁመቱ አስተካክዪ። «ምኑ ነው? አሳየኝ» በይው። «ንገረኝ» አትበይው፤ ልጅ ሲነግርሽ እኔ እንደሰማሁት አድርገሽ ልትሰሚው ትችያለሽ። በእጁ ያሳይሽ። ሥሩን ካሳየሽ ስለ ሥሩ አውሩ። እጀታውን ካሳየሽ መፍቻ አውጪ። ምንም የሚያሳይሽ ከሌለ፣ ያኔ ከፊቱ ውረጂለት።

አንተ ደግሞ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል። ይህን ታነበው እንደሆነ አላውቅም። ፈርተህ አልነበረም፤ ጣትህ ፍሬኑ ላይ አይደርስም ነበር፤ ሁለት ጊዜም ነግረኸኛል። እናትህ ብስክሌቱን ሊወስዱ የመጡ ቀን እጀታውን በሦስት ዙር አቅርቤው ነው የመለስኩልህ። ያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ይቅርታ።