አዲስ ባትሪ ገብቶም የሞተር ሳይክሉ ሞተሪኖ የማይዞረው ለምንድን ነው? ስታተር ከመግዛትህ በፊት ለካ

«ሞተር ሳይክሌ ላይ አዲስ ባትሪ ገጠምኩ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ጠቅ ብሎ ይቀራል። መካኒኩ ስታተሩ ተቃጥሏል፣ ቀይር አለኝ፤ ልግዛ?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ሳትለካ አትግዛ። ደካማ ባትሪ፣ የተቃጠለ ስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል ሽቦ)፣ የሞተ ሬጉሌተር (የስታተሩን ኤሲ ማለትም ተለዋዋጭ ከረንት፣ ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ ማለትም ቀጥተኛ ከረንት ቀይሮ ቮልቱን የሚቆጣጠረው)፣ የተበላ ሶኬት፣ ቁልፍ ተዘግቶም ባትሪ የሚጠባ ዕቃ፣ ሁሉም ይህንኑ ምልክት ይሰጣሉ። በአንድ ተራ መልቲሜትር ይለያሉ፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ግን ጤነኛ ዕቃ ታስጥላለህ።

መጀመሪያ ባትሪውን በቻርጀር ሙላው። ባዶ ባትሪ ይዘህ የቻርጅ ቮልት ብትለካ ደህናው ሲስተም እንኳ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳይሃል። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት መያዝ አለበት። አድሮ ከ12.4 በታች ከወረደ ወይም ሞተሪኖ ስትመታ ከ10 ቮልት በታች ከተዘፈቀ ችግሩ እዚያው ነው። «አዲስ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። አሲድ ተሞልቶበት ሳይቻርጅ ወዲያው የተገጠመ ባትሪ ከነጉድለቱ ሥራ ይጀምራል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሳና መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርገህ ከባትሪው ሁለት ጫፎች ለካ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) ብዙ አትጠብቅ። የፊት መብራት አብርተህ ጋዝ ስጥና በደቂቃ ወደ 5000 ዙር አድርሰው፤ ከ13.8 እስከ 14.8 ቮልት ካገኘህ ቻርጁ ይሠራል፣ ፍለጋህ ወደ ፍሳሽ፣ ማለትም ቁልፍ ተዘግቶም ባትሪ ወደሚጠባው ዕቃ ይዞራል (ወደ ታች እመጣበታለሁ)። ጋዝ ሰጥተህም 12 ምናምን ላይ ከቀረ ቻርጅ የለም። ከ15 ቮልት ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ወይም ግራውንዱ (ከፍሬሙና ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘው መስመር) ተበላሽቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ከመግደሉ በፊት አቁም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ጫፍ ነቅሎ «ካልጠፋ ቻርጅ አለው» የሚለውን ሙከራ ግን ማንም እንዲያደርግብህ አትፍቀድ። ባትሪ ሲነቀል ቮልቱ ሽቅብ ይዘልና ሬጉሌተሩንም ሲዲአዩንም (የካንዴላ እሳት የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቻርጅ ከሌለ ከስታተሩ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች ፈልግ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ቢጫ ናቸው። ሞተሩን አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀል፤ ከመለካትህ በፊት ግን በደንብ እየው። ፕላስቲኩ ወደ ቡኒ ዞሯል? አንዱ ፒን ጠቁሯል? ሽቦው ከፒኑ አጠገብ ስታጥፈው ደርቆ ይሰነጠቃል? እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህችን ሶኬት ነው። ፒኑ ሲዝግ ወይም ሲላላ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 15 አምፔር ሲያልፍበት 22 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ዝገቱን ያብሳል፣ ዝገቱ ሙቀቱን። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ ለጊዜው ነው። የጠቆረውን መዳብ የሚያብለጨልጨው እስኪመጣ ድረስ ቁረጥና አዲስ ሶኬት ግጠም፣ ወይም ሦስቱን በቀጥታ በስታኞ በይደህ እያንዳንዱን ለብቻው በደንብ ሸፍን። የሦስቱ ተራ ቢቀያየር ምንም አይሆንም።

ሶኬቱ ንጹህ ከሆነ ስታተሩን ለካ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ በቅድሚያ ሁለቱን ጫፎች አገናኝ፤ የሚያሳየውን ቁጥር ከውጤቱ ትቀንሳለህ። በየሁለቱ ሽቦ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ኦም፣ ሦስቱም ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ከእያንዳንዱ ወደ ፍሬሙ ግን ምንም መነበብ የለበትም፤ ከተነበበ ስታተሩ አልቋል። ይህን ቢያልፍም አትርካ፤ ጥቂት ጥቅልል እርስ በርሱ ቢነካካ ኦም አይዘው ይሆናል። ስለዚህ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሞተሩን አስነሳና በኤሲ ለካ። በ5000 ዙር በየሁለቱ መካከል 50፣ 60፣ 70 ቮልት የተለመደ ነው፤ ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገው የሦስቱ መመሳሰል ነው። አንዱ 60 ሁለቱ 30 ካሉህ ፍርዱ ተሰጥቷል። ባዶ ፒን በእጅህ አትንካ፣ ይነዝራል።

አነስተኛ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ከሆነ ተጠንቀቅ። አንዳንዶቹ ባለ አንድ ፌዝ ናቸው (በሦስት ሳይሆን በአንድ የኤሲ መስመር የሚሠሩ)፤ የጥቅልላቸው አንድ ጫፍ ከፋብሪካ ጀምሮ ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ነው። እዚያ ላይ ወደ ፍሬም ቢነበብ ብልሽት አይደለም።

ስታተሩ ደህና ከሆነ ሁሉንም መልሰህ ሰካ። ሞተሩ በ5000 ዙር፣ መብራቱ በርቶ፣ ከሬጉሌተሩ መውጫ ቀይ ሽቦ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ በዲሲ ለካ፤ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። በግራውንዱ በኩልም ከሬጉሌተሩ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ እንዲሁ። ከበለጠ መንገዱ ላይ የዛገ ብሎን፣ የተበላ ሽቦ ወይም የሞቀ የፊውዝ ቤት አለ። ፊውዙ ደህና ሆኖ ቤቱ የተቃጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱም ጎን 0 ካሳየ ደግሞ ሽቦው ደህና ነው ብለህ አትቸኩል፣ የሚያልፍ ከረንት ከሌለም 0 ነው የሚነበበው።

ሬጉሌተሩ የሚፈረድበት በመጨረሻ ነው። ባትሪው፣ ስታተሩና ሽቦው ካለፉና ቻርጅ ከሌለ እሱ ነው። በመልቲሜትሩ የዳዮድ መለኪያ (ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው) ከየቢጫው መግቢያ ወደ ቀዩ መውጫ በአንድ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.7 አካባቢ፣ ጫፎቹን ስታገላብጥ ምንም መነበብ የለበትም። በሁለቱም ካነበበ ሞቷል። ፈተናውን ማለፉ ግን ጤናውን አያረጋግጥም፤ ቮልት የሚቆጣጠረውን ክፍል ይህ ልኬት አይነካውም። አዲስ ስትገጥም ክንፎቹ ነፋስ የሚያገኙበት ቦታ አድርገው፣ ጭቃውንም አጽዳ። የሚገድለው ሙቀት ነው።

ቻርጁ ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ ከሞተ ፍሳሹን ፈልግ። ቁልፍ ዘግተህ የኔጋቲቩን ገመድ ፍታና መልቲሜትሩን በ10 አምፔር በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል አስገባ፤ በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ አትምታ፣ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይበጠሳል። ጥቂት ሚሊ አምፔር ችግር የለውም። 50 ከሆነ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 6 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ5 ቀን ባዶ ይሆናል ማለት ነው። አላርምና ጂፒኤስ ካለ መጀመሪያ እነሱን ንቀል፣ ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ። የሬጉሌተሩን ሶኬት ስትነቅል ቁጥሩ ከወደቀ ዳዮዱ ያፈስሳል።

ባትሪው ሞልቶ ካረፈ በኋላ የያዘውን ቮልት፣ በ5000 ዙር ያገኘኸውንና የሦስቱን የኤሲ ቁጥር ከሞተሩ ሲሲ ጋር እዚህ ጻፍልን፤ ቀሪውን ከዚያ እንነጋገራለን።