መልስ፦ ቮልሴን ኢንተርኔት ላይ መሸጥ ለምን አቃተኝ?

ወንድሜ፣ የ1967 ሞዴል ቮልስህን ቴሌግራም ላይ ብታወጣም «የመጨረሻውን ንገረኝ» ከሚሉ መልእክቶች በቀር ገዢ እንዳጣህ ጽፈሃል። እውነትህን ነው፣ ያንገበግባል። መኪናውን ሳያይ ዋጋ የሚሰብረው አብዛኛው ደላላ ነው፤ ተወው።

የቮልስ አዋቂ ከቀለሙ በፊት ዝገቱን ነው የሚያየው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ወንበሩን አንሳና እዚያ ጋ ጥርት ያለ ፎቶ አንሳ። ዝገት ካለም አትደብቀው። የቻንሲ ቁጥሩም እዚያው መሃል ላይ ተመትቷል፤ መኪናውን ለማየት ለሚመጣ ሰው ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን አሳየው። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ቀድመህ ተናገር። ሳይሞቅ ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮም ጨምር፤ ድምፁን የሚወድ ሰው በእሱ ብቻ ይደውላል።

ሊብሬውን ግን አደራ፣ ሳትሸፍን እንዳትለጥፍ። «ቀብድ ልላክልህ» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅህን ወዲያው ብሎክ አድርገው።