የኑግ ዘይት ሳሙናዬ ለምን አይጠነክርም?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በቤቴ ሳሙናና የሰም ሻማ እየሠራሁ እሸጣለሁ። በኑግ ዘይት ብቻ የምሠራው ሳሙና ግን ልስልስ ከመሆኑም በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ይሸታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ የቅባት ዓይነት በመሆኑ ሳሙናውን ያለሰልሰዋል፣ ከአየር ጋር ሲገናኝም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ኑጉን ከጠቅላላው ዘይት ከአንድ አምስተኛ ሳያሳልፉ ቀሪውን በኮኮናት ዘይትና በከብት ሞራ ይተኩ (ሞራ መኖሩን ለደንበኛ መናገር ተገቢ ነው)። ቅይጡ ሲለወጥ ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው የኮስቲክ ሶዳ ልክም ይለወጣል፤ አንድ ኪሎ የኮኮናት ዘይት 183 ግራም ገደማ ሲፈልግ ለኑግ 135 ግራም ገደማ ይበቃልና በስኒ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ፣ ከተሰላው የሶዳ ልክም 5 በመቶ ይቀንሱ። ሳሙናው ተቆርጦ ነፋስ በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ስላለበት፣ እስከዚያ ገንዘብ የሚያስገባልዎ ሻማው ነው።